ከእጥበት በኋላ ቀለሙን ሚጭረው የቱ ነው? ጅማ ላይ ያሉት የማድረቂያና የፖሊሽ አማራጮች

ከላቫጆ የወጣ መኪና ጥላ ስር ሲያዩት ምንም የለበትም፣ ያበራል። ቀትር ላይ ፀሀይ ላይ አቁማችሁ ኮፋኖውን (የሞተሩን ክዳን) ከጎን ስታዩት ግን የፀሀይዋን ነጸብራቅ ከበው ክብ ክብ እየሰሩ ሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ፣ መኪናው ጥቁር ወይም ቀይ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነማ በጣም ነው ሚያናድደው። ብዙ ሰው ይሄ ከመንገድ አቧራ ወይም ሰፈር ውስጥ ከሚጫወቱ ልጆች የመጣ ይመስለዋል፣ ግን አብዛኛው ጭረት ሚፈጠረው መኪናው ሲታጠብና ሲደርቅ በእጅ ነው። ስለዚ እዚህ ስለ ሻምፑ አይደለም ማወራው፣ ውሃው ፈስሶ ካለቀ በኋላ ምን ይዛችሁ መኪናውን እንደምትነኩ ነው።

ነገሩ ለምን እኛ ጋ እንደሚብስ ላስረዳ። የዘመኑ መኪና ቀለም ከላዩ ከለር የሌለው ሽፋን አለው፣ ቀለም ቀቢዎቹ ክሊር ሚሉት፣ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፣ የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን ካሰባችሁ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገባችኋል። መኪናው ሚያበራው በዛች ስስ ነገር ነው። የጅማ ቀይ አፈር ደግሞ ሲረጥብ ይጣበቃል ሲደርቅ ይበናል፣ ውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከክሊሩ በብዙ እጥፍ ጠንካራ ነው። ዝናቡ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ክረምቱም ረጅም ነው፣ ዛሬ አጥባችሁት ነገ ወደ ሰቃ ወይም ወደ አጋሮ ብቅ ብላችሁ ስትመለሱ እስከ መስኮቱ ጭቃ ነው። ብዙ ጊዜ ይታጠባል፣ በታጠበ ቁጥር ይወለወላል፣ ጭረቱም በዛው ልክ ይጠራቀማል።

ሌላም ነገር አለ። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ ሀገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ ያለችንን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ረጅም ጊዜ ነው ምንይዛት፣ የፋብሪካ ቀለሟ አንዴ ከሄደ ደግሞ ጋራዥ ሚቀባው ምንም ቢያምር የፋብሪካውን ያህል አይቆይም፣ ገዢም ሲመጣ መጀመሪያ ሚጠይቀው "ቀለሟ ኦርጅናል ነው?" ብሎ ነው።

ከሁሉም አማራጭ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ታጥቦ አለቀ የተባለ መኪና ላይ፣ ከስፖርቴሎው (ከበሩ) እጀታ በታች፣ ነጭ እርጥብ ጨርቅ ሳትጫኑ አንድ ጊዜ አሳልፉ። ጨርቁ ቀይ ሆኖ ከመጣ መኪናው ገና አልታጠበም፣ በዛ ሁኔታ ላይ የፈለገውን ውድ ማድረቂያ ብታመጡ ስራው በብርጭቆ ወረቀት እንደመወልወል ነው፣ መልሳችሁ ውሃ አስለቅቁበት። ነጭ ሆኖ ከመጣ ነው ወደ ማድረቂያ ምርጫ ምትሄዱት።

ማድረቂያዎቹ

ማድረቂያን ከማድረቂያ ሚለየው ዋናው ነገር ውሃ መምጠጡ አይመስለኝም፣ ሁሉም ይመጥጣል። ጥያቄው መኪናው ላይ የቀረች አንዲት አሸዋ ጨርቁ ሲያገኛት የት ትገባለች ነው። ጸጉር ያለው ጨርቅ ከሆነ ወደ ውስጥ ትሰምጣለች። ልሙጥ ከሆነ በጨርቁና በቀለሙ መሀል ተይዛ ከኮፋኖው ጫፍ እስከ ጫፍ ትጎተታለች። በቃ ንጽጽሩ በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

በዚህ መለኪያ ከተማው ውስጥ በብዛት ሚሰራበት ማድረቂያ ወደ መጨረሻው ይወድቃል። ያ በፕላስቲክ ቱቦ ተጠቅልሎ ሚሸጠው፣ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ሚቆመው ሲረጥብ ሚለሰልሰው፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ሰው ሰራሽ ጨርቅ ማለቴ ነው። ርካሽ ነው፣ ውሃ በአንዴ ይስባል፣ ጨምቀውት ወዲያው ይመለሳሉ፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ለሚያጥብ ልጅ ከሱ ሚፈጥን የለም። ግን ፊቱ ልሙጥ ነው፣ ጸጉር ሚባል የለውም። አንድ ላቫጆ ሄዳችሁ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ብታዩ ይገባችኋል፦ ሁለት ልጆች በግራና በቀኝ ይይዙታል፣ ጣሪያውን ይስባሉ፣ መስታወቱን፣ ኮፋኖውን፣ ከዛ ስፖርቴሎውን እስከ ታች፣ ከዛ እዛው ቸርኬውን፣ ከዛ ባልዲው ውስጥ ነከር አድርገው ይጨምቁታል፣ የባልዲው ውሃ ሻይ መልክ ከያዘ ቆይቷል፣ ከዛ ቀጣዩ መኪና ጣሪያ ላይ ያርፋል። መሀል ላይ ከእጃቸው ካመለጠ ደግሞ መሬት ላይ ወድቆ ጠጠር ይዞ ይነሳል፣ ራገፍ ራገፍ ይደረግና ይቀጥላል። ከናንተ በፊት የታጠበው ከገጠር የመጣ ዶልፊን ወይም አይሱዙ ከሆነ የሱን አፈር ነው እናንተ ኮፋኖ ላይ ሚስሉት። ልጆቹን አልወቅስም፣ የተሰጣቸው ጨርቅ እሱ ነው፣ በመኪና ብዛት ነው ሚከፈላቸው።

እሱን ጨርቅ ቤት ውስጥ ብቻችሁን ምትጠቀሙ ከሆነ ግን ነገሩ ይሻላል፦ ሁሌ እርጥብ መሆን አለበት፣ አትጎትቱት፣ ሙሉውን ዘርግታችሁ አስተኙትና በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጋችሁ አንሱት። መስታወት ላይ እንደልባችሁ ተጠቀሙበት፣ መስታወት ጠንካራ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም። ቀለም ላይ ግን እኔ አልመርጠውም።

እውነተኛው የቆዳ ማድረቂያም ያው ችግር አለበት፣ ለስላሳ ነው ግን ልሙጥ ነው፣ በዛ ላይ በጠንካራ ሳሙና ካጠባችሁት ዘይቱን ያጣና ይደርቃል፣ እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ከረሳችሁት ይሻግታል። ውድም ነው። አልመክርም።

የጥጥ ጨርቅ ላይ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ይጨፈልቃል ግን ልዩነት አለው። አሮጌ ቲሸርት፣ አቡጄዲ፣ የተቀደደ አንሶላ ልሙጥ ናቸው፣ ስፌታቸውም ይጭራል፣ ዚፕ ወይም ቁልፍ የቀረበት ልብስማ ጭራሽ አይታሰብም። ወፍራም የገላ ፎጣ ግን፣ ማለት ቃጫው ቀለበት ቀለበት ሆኖ የተሰራው፣ ንጹህና ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ከዛ ቢጫ ልሙጥ ጨርቅ ይሻላል፣ ምክንያቱም አሸዋዋ ምትገባበት ቦታ አለ። ድክመቱ ውሃ ከጠጣ በኋላ ቶሎ መድረቅ አለመቻሉና ሲያረጅ መሻከሩ ነው። ማይክሮፋይበር እስክታገኙ ድረስ ሁለት ንጹህ ወፍራም ፎጣ ይዛችሁ ብትሰሩ ምንም አይደለም። ዳርና ዳር ያለውን ወፍራም ስፌት ግን ወደ ውስጥ እጠፉት።

አሁን ወደ ማይክሮፋይበር ልምጣ፣ አንደኛ ማደርገው እሱን ነው፣ ግን ማይክሮፋይበር ሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ጥሩው ብዙ ጊዜ 80 ፐርሰንት ፖሊስተር 20 ፐርሰንት ፖሊያማይድ ነው፣ ሁለተኛው ነው ውሃ ሚስበው፣ መቶ ፐርሰንት ፖሊስተር ከሆነ ውሃውን ወዲያ ወዲህ እየገፋ ያስቸግራችኋል። ሌላው ክብደቱ ነው፣ በካሬ ሜትር ስንት ግራም ተብሎ ይጻፋል፣ ለማድረቂያ 500 እና ከዛ በላይ፣ ፖሊሽ ወይም ሰም ለማንሳት ደግሞ ከ300 እስከ 400 ያለው ይበቃል። ወፍራሙ ውሃ ስለሚጠጣ ብቻ አይደለም ሚመረጠው፣ ጸጉሩ ረጅም ስለሆነ አሸዋውን ከቀለሙ አርቆ ስለሚይዝ ነው። መርካቶ ሱቆች ውስጥ ለወጥ ቤት ተብሎ ጥቅል ሆኖ ሚሸጠው ስስ ማይክሮፋይበር ለዳሽቦርድና ለመስታወት ይሁን፣ ለቀለም አይበቃም።

ስትገዙ ጽሁፉ ካልተገኘ ወይም ካላመናችሁት በእጃችሁ ፈትኑ። ዳሩን በጣታችሁ ዳብሱ፣ ስፌቱ ጠንካራ ናይለን ከሆነ ተዉት፣ ስፌት የሌለው ወይም በለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለ ይሻላል። ቤት ስትደርሱ አሮጌ ሲዲ ፈልጉና ሚያብረቀርቀው ፊቱ ላይ በደረቁ ጨርቅ ጫን ብላችሁ አስር ጊዜ አሹት፣ ከዛ ብርሀን ላይ እዩት፣ ሲዲው ከተጫረ ቀለማችሁም ሊጫር ይችላል። ላቤሏን ከስሯ ቆርጣችሁ ጣሏት፣ እሷ ራሷ ትጭራለች።

አጠቃቀሙ ላይ ትልቁ ነገር አለመጫን ነው። ከ60 በ90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያለው ትልቁ ፎጣ ካላችሁ ጣሪያው ላይ ዘርግታችሁ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደናንተ ሳቡት፣ የጨርቁ ክብደት ብቻ ይበቃዋል። ትንሹ ከሆነ ደግሞ ለአራት እጠፉት፣ አንዱ ፊት ሲረጥብ ወይም ሲቆሽሽ ትገለብጡታላችሁ፣ እንደዛ ስምንት ንጹህ ፊት ታገኛላችሁ። ቅደም ተከተሉ ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፋኖ፣ የኋላ ክዳን፣ ከዛ የስፖርቴሎዎቹ ላይኛው ክፍል፣ እዛ ላይ ጨርቁን አስቀምጡት። ከእጀታ በታች፣ የጎማው ዙሪያና ፓራውልቱ (ባምፐሩ) ሌላ ጨርቅ ይፈልጋል፣ አፈሩ ሁሌ ሚቀረው እዛ ነው። ሁለቱን በከለር ለዩዋቸው፣ ለምሳሌ ሰማያዊ ለላይ ግራጫ ለታች፣ ያኔ ሌላ ሰው ቢያግዛችሁም አይሳሳትም። መሬት የነካ ጨርቅ እስኪታጠብ ድረስ ወደ ቀለም አይመለስም፣ በዚህ ድርድር የለም።

እጥበቱ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ያበላሸዋል። ለብቻው እጠቡት፣ ከጥጥ ልብስ ጋ ከታጠበ ብናኙን ሁሉ ይለቅማል። በረኪናም የልብስ ማለስለሻም አይገባበትም፣ ማለስለሻው ጸጉሩን ሸፍኖ ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል። ለብ ባለ ውሃና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ መተኮስ የለም፣ ፖሊስተር ስለሆነ በሙቀት ይሻክራል። ሚሰጣው ደግሞ መንገድ ዳር ባለ አጥር ላይ አይሁን፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራ ይጠጣል። ሲደርቅ ንጹህ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ አስቀምጡት።

ከጨርቅ ውጪ ያሉትን በአጭሩ ልለፍ። ኮምፕሬሰር ካላችሁ ወይም ጎማ ሰሪው ጎረቤታችሁ ከሆነ አየር ከሁሉም ንጹህ ነው፣ ምንም አይነካም፣ በተለይ ስፖኪዮው ውስጥ፣ እጀታው ስር፣ መብራቶቹ ዙሪያ ያለውን ውሃ ከሱ በቀር ሚያወጣው የለም። ሁለት ነገር ብቻ፦ የኮምፕሬሰሩ አየር አንዳንዴ ዘይትና ውሃ ይተፋል፣ መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ላይ ነፍታችሁ እዩት፣ የብረት አፉንም ወደ ቀለሙ አታስጠጉ። መሬቱ አፈር ከሆነ ደግሞ ወደታች አትንፉ፣ አቧራውን መልሳችሁ ታለብሱታላችሁ። ያ የመስታወት ውሃ መግፊያ ላስቲክ ለመስታወት ብቻ ነው፣ ቀለም ላይ አንዲት ጠጠር ከያዘ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ ነው ሚወርደው። እየነዱ ማድረቅም አለ፣ ብዙ ሹፌር ይሄን ያደርጋል፣ አስፋልት ላይ ብቻ ከሆነና መንገዱ ካልቆሸሸ አይጭርም፣ ግን እርጥብ መኪና የጅማን አቧራ እንዴት እንደሚይዝ ታውቁታላችሁ። ፀሀይ ላይ አቁሞ መተው ደግሞ አይጭርም፣ ነገር ግን ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ነጭ ክብ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ። ከ1,700 ሜትር በላይ ነን፣ ፀሀያችን ቀላል አይደለም፣ ከታጠበ በአስር ደቂቃ ውስጥ ነው ሚደርቀው። የቀረውን ነጠብጣብ ኮምጣጤና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ በለስላሳ ጨርቅ አርሱት፣ ትንሽ ቆይታችሁ በውሃ አጥቡት፣ ደረቁን አትፈትጉት።

ማድረቁን ራሱ ግማሽ በግማሽ ሚቀንስ ዘዴ አለ፣ ምንም አያስወጣም። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ የውሃ ጎማውን መርጫ አፍ ንቀሉና ውሃው ሳይረጭ በዝግታ ከጣሪያው ጀምሮ እንዲፈስ አድርጉ፣ ሰም ያለው መኪና ከሆነ ውሃው አንድ ላይ ተያይዞ ይወርድና ጥቂት ጠብታ ብቻ ይቀራል። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ይሄው በጀሪካን ይሰራል፣ አፉን ከቀለሙ አንድ ስንዝር አርቃችሁ በቀስታ ማንቆርቆር ነው። ባነሳችሁት ውሃ ልክ ጨርቁ ሚነካው ያንሳል።

ላቫጆ ውስጥ ማጠብ ግድ ከሆነባችሁ፣ አብዛኞቻችን ግቢ ውስጥ በቂ ውሃ ስለሌለን ግድ ነው፣ ጨርቃችሁን ይዛችሁ ሂዱና በትህትና ተነጋገሩ። "ወንድሜ፣ ውሃውንና አረፋውን ባንተ፣ ማድረቁን ለኔ ተውልኝ፣ ጉርሻህን አልቀንስም" ስትሉት "እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም" ነው ሚላችሁ፣ ጊዜ ነው የቆጠባችሁለት። ጉርሻውን በእውነት አትቀንሱ። ስፖንጁንም በዚሁ አጋጣሚ እዩት፣ ቸርኬ የታሸበት ስፖንጅ ወደ ኮፋኖ ሲመጣ ካያችሁ አስቁሙት፣ እንደዛ የገባ ጭረት በማድረቂያ አይመለስም።

ፖሊሹ

እዚህ ላይ መጀመሪያ መለየት ያለበት ሚሸፍነውና ሚሞርደው ነው። ሰምና ሰው ሰራሽ መከላከያ (ሲላንት ሚባለው) ላዩ ላይ ተቀምጠው ያበራሉ፣ ከቀለሙ ምንም አይወስዱም። ፖሊሽና ኮምፓውንድ (ሸካራው የፖሊሽ አይነት) ውስጣቸው ሞራጅ ደቃቅ ነገር አለ፣ ጭረቱን ሚያጠፉት ዙሪያውን ያለውን ክሊር በጥቂት ማይክሮን ዝቅ አድርገው ነው። ክሊሩ ደግሞ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው ብለናል፣ ለየበዓሉ ለየሰርጉ ምታስሞርዱት ነገር አይደለም። ሱቅ ውስጥ ግን ሁሉም "ፖሊሽ" ተብሎ ነው ሚሸጥላችሁ፣ ስለዚ ጠርሙሱን ክፈቱና ጠብታ በሁለት ጣታችሁ መሀል አሹት፣ ሚሻክር ስሜት ካለው ይሞርዳል። የሞራጁ ደቃቅነት አንዳንዴ በጣት አይለይም፣ ያኔም ያው ሲዲ ይጠቅማችኋል።

የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ ለማወቅ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አሳልፉ። ጥፍሩ ከያዘ ጭረቱ ለፖሊሽ ጥልቅ ነው፣ ምንም ብትፈትጉት አይጠፋም፣ ክሊሩን ነው ምትጨርሱት፣ ባለበት ተዉት ወይም ጥሩ ቀለም ቀቢ ጋ ውሰዱት። ካልያዘና ክብ ክብ የፀሀይ ጭረት ከሆነ ፖሊሽ ይነካዋል። ጭረት የሌለው ግን የፈዘዘ ከሆነ ምናልባት ሰም ብቻ ነው የጎደለው፣ ከሰም ጀምሩ።

በእጅ ወይስ በማሽን ሚለው ላይ ብዙ ክርክር አለ። በእጅ ቀስ ይላል፣ ጥልቅ አይሄድም፣ ጀማሪ ግን ቀለሙን አቃጥሎ ሊጨርስ አይችልም፣ አንድ ኮፋኖ ላይ ወይም እጀታው ስር ጥፍር የጫረውን ለማጥፋት ይበቃል። ሁለት አይነት እንቅስቃሴ ያለው ማሽን፣ ማለት እየዞረ እየተንቀጠቀጠ ሚሰራው፣ ለባለመኪና ከሁሉም ይሻላል፣ ሙቀቱ ትንሽ ነው፣ ክብ ጭረት አይተውም፣ ችግሩ ጅማ ላይ እንደልብ አለመገኘቱ ነው፣ አዲስ አበባ ሚሄድ ሰው ካላችሁ አስመጡ። በአንድ ዘንግ ብቻ ሚዞረው ማሽን ፈጣን ነው፣ በባለሙያ እጅ ተአምር ይሰራል፣ በማያውቅ እጅ ግን የጠርዙን ቀለም እስከ ላሜራው ያወርደዋል፣ ፀሀይ ላይ ሲታይ ደግሞ ማዕበል የመሰለ ጥላ ይተዋል። እሱም ቢሆን በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ነው ሚሰራው።

ይሄን ቁጥር የጻፍኩት በምክንያት ነው። አንዳንድ ቦታ ብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ የስፖንጅ ወይም የጸጉር ጎማ ገጥመው ፖሊሽ ያደርጋሉ። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር አካባቢ ነው ሚዞረው፣ ፍጥነት መቀነሻ ከሌለው በሰከንዶች ውስጥ ክሊሩን ያቃጥለዋል። እጁ ላይ የያዘውን ማሽን ሳታዩ መኪናችሁን ለማንም አታስረክቡ፣ ፍጥነቱን ሚቀንስበት ቁልፍ ካለ አሳዩኝ በሉት፣ የኮፋኖውን ጠርዝና የላሜራውን መታጠፊያ በወረቀት ፕላስተር ሲሸፍን ካያችሁ ስራውን ያውቃል። ካልሸፈነ ጠይቁት።

ናፍታ የነከረ ጨርቅ ሚያሳልፉም አሉ፣ ፈዞ የነበረው ቀለም ወዲያው ጥቁር ጥቁር ብሎ ያበራል፣ ለአንድ ቀን። በማግስቱ ናፍታው ላይ አቧራ ተለጥፎ እሱን ለማንሳት መፈተግ ይመጣል፣ መፈተጉ ደግሞ ጭረት ነው፣ የበሩን ላስቲክም ቀስ በቀስ ያበላሻል። ለታችኛው ብረት ካልሆነ ቀለም ላይ አታስነኩት። የጥርስ ሳሙናውም ቢሆን መለስተኛ ሞራጅ ነው፣ ትንሽ ጭረት ሊያደበዝዝ ይችላል፣ ግን ምን ያህል እንደሚሞርድ ከብራንድ ብራንድ ይለያያል፣ ለፊት መብራት ይሁን።

ነጭ ቶዮታ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሩን ስትከፍቱ የከለር ቁጥሩ 040 ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ነጩ ብዙ ጊዜ ክሊር የሌለው ቀለም ነው፣ ስትሞርዱት ጨርቁ ላይ ነጭ ይወጣል፣ አትደንግጡ፣ ቀለሙ ራሱ ነው እየተነሳ ያለው። የድሮዎቹ ቀይና ሰማያዊ መኪኖችም ላይ እንደዛ ሚሆን አለ። እንዲህ አይነቱ ቀለም ሲፈዝ በጥቂት ሞራጅ በደንብ ይመለሳል፣ ከዛ ግን ወዲያው ሰም ካልተቀባ ፀሀዩ መልሶ ኖራ ያስመስለዋል። ክሊር ያለው መኪና ላይ ግን ጨርቃችሁ የመኪናውን ከለር ካወጣ ክሊሩ አልቋል፣ እዛው አቁሙ።

ከሰሞቹ መሀል ምርጫው እንደ ጊዜያችሁ ነው። በቆርቆሮ ሚመጣው የካርናውባ ሰም፣ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል ሚገኘው፣ ከሁሉም በላይ ጥልቅ አድርጎ ያበራል፣ ጥቁር መኪና ላይ እኔ ሌላ አልመርጥም፣ ግን አንድ ወር ሁለት ወር ቢቆይ ነው፣ በኛ ክረምት ደግሞ ያንሳል። ሰው ሰራሹ መከላከያ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይይዛል፣ ሰኔ ሳይገባ አንዴ ብትቀቡት ዋናውን ዝናብ ያሻግራችኋል፣ ለብዙ ሰው ሚሻለው ይሄ ነው። ሚረጨው ፈሳሽ ሰም ደካማ ነው ግን ማድረቅ ላይ ጓደኛ ነው፣ እርጥቡ ላሜራ ላይ አንድ ሁለቴ ነፋ አድርጋችሁ ስታደርቁ ጨርቁ ይንሸራተታል፣ መጎተቱ ይቀንሳል። ሴራሚክ ሚባለው፣ ቀለሙ ላይ ሚደርቀው ጠንካራ ሽፋን፣ ዓመታት ይቆያል ይባላል፣ ግን በፊት መኪናው በደንብ ተሞርዶ መስተካከል አለበት፣ አለበለዚያ ጭረቱን ከውስጥ ቆልፎበት ነው ሚቀመጠው፣ እና ሴራሚክ ያለው መኪናም በቆሸሸ ጨርቅ ሲደረቅ ይጫራል።

አቀባቡ ላይ ሰው ሚያበዛው መጠኑን ነው። ለአንድ ሙሉ ኮፋኖ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ሰም በቂ ናት። ላሜራው በእጃችሁ ጀርባ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ወይም ጥላ ስር። ስሱን ቀብታችሁ ጠብቁ፣ በጣታችሁ ጫፍ ሰረዝ አድርጉት፣ ጣታችሁ ያለፈበት ጥርት ብሎ ከታየ ደርሷል፣ ከተዝረከረከ ገና ነው። በንጹህ ማይክሮፋይበር አንሱት፣ ጨርቁ መንሸራተት ሲያቆም ወደ ሌላ ፊት ገልብጡት።

ለማን የቱ

በታክሲና በእቃ ስራ ላይ ያለ ዶልፊን ወይም በቡና ሰሞን ጆንያ ሚጫንበት ፒክአፕ ከሆነ ሰፊ ፖሊሽ ውስጥ አትግቡ፣ ጆንያው ሲጎተት መልሶ ይጭረዋል፣ ሁለት ወፍራም ፎጣና በዓመት ሁለቴ ሰው ሰራሽ መከላከያ ይበቃዋል። ለጥር ሰርግ መኪና ሚያከራይ ሰው ደግሞ አበባውና ሪባኑ ሚለጠፍበትን ፕላስተር ይጠንቀቅ፣ ቀድሞ ሰም የተቀባ ኮፋኖ ላይ ሙጫው በቀላሉ ይለቃል። የቤት መኪና ያለውና በጀቱ ውስን የሆነ ሰው መጀመሪያ ሁለት ትልቅ ማይክሮፋይበርና አራት ትንንሽ ይግዛ፣ ፖሊሹ ላይ ከማውጣቱ በፊት፣ በነሱ ሦስት ወር ከሰራ በኋላ የቀረውን ጭረት አይቶ ይወስን። መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ ሰው ሙሉ መኪናውን ሳይሆን ኮፋኖውንና የሾፌሩን ስፖርቴሎ ብቻ በሚያውቅ ሰው ያስሞርድ፣ ገዢ ሚያየው መጀመሪያ እሱን ነው፣ የቀረውን ሰም ይቀባው።

ከጋራዥ አዲስ ተቀብታ የወጣች መኪና ግን ከነዚህ ሁሉ ትለያለች። ቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሟቻ ገና እየወጣ ስለሆነ ከ30 እስከ 90 ቀን ድረስ ሰምም ሴራሚክም አይቀባባትም፣ በቀለሙ አይነት ስለሚለያይ የቀባላችሁን ሰው ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁት። እስከዛው በንጹህ ውሃና በለስላሳ ሻምፑ ብቻ እጠቧት፣ በአየር ወይም ጨርቁን አስተኝታችሁ መታ መታ በማድረግ አድርቋት፣ ከዛፍ ስርም አታቁሟት፣ የወፍ ኩስ ትኩስ ቀለም ላይ በሰዓታት ውስጥ ምልክት ይተዋል፣ ካረፈባት ሳትፈትጉ እርጥብ ጨርቅ ጫኑበትና ሲለሰልስ አንሱት።